ቡታጋዙን ከመግጠምሽ በፊት የኩሽናሽን ደፍ እዪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። እዚህ ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ የተከራየሽው ቤት ኩሽናው ጓሮ ያለው ሰርቪስ ነው። ጠባብ ነው፤ አንድ በርና ከፍ ያለች አንድ መስኮት ብቻ አለው። ያገለገለ ባለ ሁለት ምድጃ ቡታጋዝ ገዝተሻል። ሲሊንደሩን የት ላስቀምጥ፣ እሳቱስ ለምን ቢጫ ሆነ፣ ራሴ ልግጠመው ወይስ ሰው ልጥራ ብለሻል። አንዷ የቡድናችን አባል ደግሞ «መስኮቱን ከፈት ካደረግሽው ይበቃል» ብላ መልሳልሻለች። አይበቃም። እኔም የተቃጠልኩት መስኮት ተማምኜ ነው።

አሁን ሐይቁ ዳር ትንሽ ምሳ ቤት አለኝ። ዓሣ ጉላሽና ጥብስ ስሠራ ስለምውል ሲሊንደር መቀየር የዘወትር ሥራዬ ነው። ያኔ ግን ቤቴ ሰርቪስ ውስጥ ነበር የማበስለው። ደፉ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ያለ ነው። ክረምት ላይ የጓሮው ጎርፍ እንዳይገባብን በሲሚንቶ ያስነሣነው ራሳችን ነን። የባሕር ዳርን ሐምሌና ነሐሴ የሚያውቅ ለምን እንደሆነ ይገባዋል።

አንድ ቅዳሜ ሲሊንደር ያመጣልን ሰው ሬጉሌተሩን፣ ሲሊንደሩ አናት ላይ ሆኖ የጋዙን ግፊት የሚቀንሰውን ማለቴ ነው፣ ገጥሞልን ሄደ። መጋጠሚያው ውስጥ ያለችው ትንሽ ክብ ላስቲክ ተቆርጣ ነበር። እሱም አላያት፣ እኔም አላየኋት። ትንሽ ሸተተኝ። መስኮቱን ከፈትኩ፣ ሽታው የጠፋ መሰለኝ፣ ረሳሁት። ከሰዓት በኋላ ቡና ላፈላ ከሰል አቀጣጥዬ ይዤ ስገባ ወለሉ ባንዴ ሰማያዊ እሳት ሆነ። ከጉልበቴ በታች ብቻ። ሁለቱም እግሮቼ ተቃጠሉ። ልጄ ውጭ እየተጫወተች ነበር፤ እስከ ዛሬ እግዚአብሔርን የማመሰግነው ለዚህ ነው።

ለምን ከጉልበት በታች? የሲሊንደር ጋዝ ፕሮፔንና ቡቴን ነው። ከአየር ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት እጥፍ ይከብዳል። ሲያፈተልክ እንደ ጭስ ወደ ላይ አይወጣም፤ እንደ ውሃ ወለል ለወለል ይፈሳል። ዝቅ ያለ ቦታ ካገኘ እዚያው ይተኛል። ጎርፉን ያስቀረልን ደፍ ጋዙን ገድቦ ያዘው። መስኮቷ ደግሞ ከራሴ በላይ ነበረች፤ ለእንፋሎቱ ነው እንጂ ለጋዙ ምንም አልሠራችም።

ስለዚህ መጀመሪያ ደፍሽን እዪ። ከፍ ያለ ከሆነ አከራይሽን አስፈቅጂና ግድግዳው ከወለሉ ጋር በሚገናኝበት፣ ውጭው መሬት ዝቅ ባለበት በኩል ቀዳዳ ይከፈትልሽ። አይጥ እንዳይገባ ወንፊት ሽቦ ይደረግበት። ወደ ሴፕቲክ ጉድጓድ ወይም ወደ ተከደነ ቦይ እንዳያመራ ተጠንቀቂ፤ ጋዙ እዚያም ይጠራቀማል። አከራይሽ እምቢ ካሉ ሲሊንደሩን እዚያ ክፍል ባታስገቢው ይሻላል።

እንደ እኔ ከሆነ የሲሊንደሩ ቦታ ውጭ ነው። ጥላ ሥር፣ ደልዳላ መሬት ላይ፣ ቀጥ ብሎ ይቁም። በጎኑ ከተጋደመ ፈሳሹ ራሱ ወደ ጎማው ሊገባ ይችላል። አንድ ሊትር ፈሳሽ ወደ 250 ሊትር ጋዝ እንደሚሆን ካወቅሽ አደጋው ይገባሻል። ግን ጎማውን ግድግዳ በስተሽ እንዳታሳልፊው። ግድግዳ የሚያልፈው የብረት ወይም የመዳብ ቧንቧ ነው፤ ይህን ባለሙያ ይሥራልሽ። ውስጥ ማስቀመጥ ግድ ከሆነብሽ ከታችኛው ቀዳዳ አጠገብ፣ ከምድጃው ራቅ አድርገሽ አቁሚው። ከሰል እዚያ ክፍል አይግባ።

ሬጉሌተርና ጎማ መግጠሙን ራስሽ ትችያለሽ። በመዞር የሚጠብቅ ሬጉሌተር ብዙውን ጊዜ እንደ ለመድነው በቀኝ ሳይሆን በግራ ነው የሚጠብቀው። እምቢ ሲል በፒንሳ አታስገድጂው። ላስቲኳን በየጊዜው እያወጣሽ እዪ። ጎማው ለጋዝ የተሠራ ይሁን፤ የውሃ ጎማ አይሆንም። ርዝመቱ ከአንድ ሜትር ተኩል አይብለጥ፣ ከምድጃው ኋላ ሙቀት ባለበት አይለፍ። ሁለቱም ጫፍ በብረት ማጥበቂያ ይታሰር። ላዩ ላይ ዓመት ተጽፎበታል። እኔ እስኪያልፍበት አልጠብቅም፣ በየ2 ዓመቱ እቀይራለሁ።

ከዚያ ኦሞ በውሃ በጥብጪና በስፖንጅ መጋጠሚያውን ሁሉ ቀቢው። ምድጃውን ዝጊ፣ ሲሊንደሩን ክፈቺ፣ ጠብቂ። አረፋ ከተነፋ ያፈሳል። ሲሊንደር በቀየርሽ ቁጥር ይህን አድርጊ፣ ማንም ይግጠምልሽ። በክብሪት የሚፈትሹ ሰዎች አይቻለሁ። እባክሽ እንዳታደርጊው።

በሌላ ጊዜ ከሸተተሽ ማብሪያ ማጥፊያ አትንኪ፣ ለማጥፋትም ቢሆን። ስልክሽንም ውጭ ወጥተሽ ነው የምትጠቀሚው። በአቅራቢያ እሳት ከሌለ ሲሊንደሩን ዝጊ፣ በሩን ክፈቺ፣ ውጪ። ከሰል የነደደ ከሆነ ግን ለመዝጋት ብለሽ አትግቢ፤ ልጆቹን ይዘሽ ራቂ።

ወደ ቢጫው እሳት ልመለስ፤ እሱም ቀላል ነገር አይደለም። ጤነኛ እሳት ሰማያዊ ነው። ቢጫ ሆኖ ድስት የሚያጠቁር ከሆነ ጋዙ በቂ አየር አላገኘም ማለት ነው። ያን ጊዜ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣል፤ ሽታም ቀለምም የለውም። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ይጀምርሻል። ምግብ ስታበስዪ ራስሽን የሚያምሽ ከሆነ የሥራ ድካም ነው ብለሽ አትለፊው። ያገለገለ ምድጃ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ የደረቀ ዘይትና ወጥ ነው። ሲቀዘቅዝ የእሳት መውጫዎቹን አንሺ፣ በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠቢ፣ ቀዳዳዎቹን በጥሩ ብሩሽ ጥረጊ፣ በደንብ አድርቂ። ከሥራቸው አየር ማስገቢያ አለ፤ ብዙ ምድጃ ላይ ይጠብባል፣ ይሰፋል። እኛ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነን። አየራችን ከባሕር ጠረፍ አገር አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው፤ ለዚያ አገር የተስተካከለ ምድጃ እዚህ አየር ሊያንሰው ይችላል። ትንሽ ስታሰፊው ይስተካከላል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ አሁንም ቢጫ ከሆነ ሬጉሌተሩን እጠረጥራለሁ። የቤት ምድጃ አብዛኛውን ጊዜ 30 ሚሊባር (የግፊት መለኪያ ነው) አካባቢ ነው የሚፈልገው። ሱቅ ውስጥ ግን ለምግብ ቤት ትልልቅ ምድጃ የሚሆነው፣ በእጅ እየተዞረ ግፊቱ የሚጨመረው ሬጉሌተርም ጎን ለጎን ይሸጣል። እሱ ከተገጠመ ጋዙ ይበዛና አየሩ አይበቃውም። ግፊቱ ላዩ ላይ ታትሟል። የሬጉሌተሩንና የምድጃውን ጽሑፍ ፎቶ አንስተሽ እዚሁ ለጥፊው፤ ማታ ምሳ ቤቱን ስዘጋ አይቼ እነግርሻለሁ። እስከዚያ አታብሪው።