ሁሉም «እሺ» ይሉኛል፣ ሥራው ግን ሌላ ሆኖ ይገኛል

ጥያቄ፦ ጅማ ውስጥ አንድ የቡና መጋዘን ላይ ሰባት ልጆች አስተባብራለሁ። ትእዛዝ የማስተላልፈው በቴሌግራም ግሩፕ ነው። ሁሉም «እሺ» ብለው ይመልሳሉ። በቀደም «ለጠዋቱ መኪና 20 ይዘጋጅ» ብዬ ጻፍኩ። እኔ ኬሻ ማለቴ ነው፣ እነሱ 20 ፈረሱላ መዝነው ጠበቁኝ። ካልገባቸው ለምን አይጠይቁም? ግሩፑ ላይ ስንቴ ተቆጣሁ፣ ለውጥ የለም።
አስተባባሪዋ፣ ከጅማ

መልስ፦ እህቴ፣ መልሱን እኮ ራስሽ ጽፈሽዋል፣ መጨረሻው ላይ። ዛሬ በሁሉም ፊት የተቆጣሽው ልጅ ነገ እዚያው ግሩፕ ላይ «አልገባኝም» ብሎ የሚጽፍ ይመስልሻል? አይጽፍም። ሌሎቹም አይተዋል፣ ስለዚህ «እሺ» ብለው ያልፉና የቀረውን በግምት ይሞሉታል። ቁጣ ካለሽ በውስጥ መስመር አድርጊው፣ ከተቻለ ደግሞ ለብቻው ጠርተሽ በአካል።

በ20ው ነገር ግን በልጆቹ አልፈርድም። አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው፣ 20ው 340 ኪሎ ይመጣል። ባለ 60 ኪሎ ኬሻ ከሆነ ደግሞ 1,200 ኪሎ። ቡና በፈረሱላ ሲነገር እየሰማ ላደገ ልጅ «20» ብቻ ብለሽ ስትሰጪው ፈረሱላ ቢመስለው ምን ይገርማል? ምን ያህል፣ በምን መለኪያ፣ የታጠበ ነው ወይስ ጀንፈል (ከነገለባው የደረቀ)፣ ከጠዋቱ በስንት ሰዓት (ሰዓቱን በፈረንጅ የሚቆጥር ሾፌር አይጠፋም) ብለሽ ጻፊ። የአንድ ሰው ስምም ጨምሪበት፣ «ልጆች» ከተባለ እያንዳንዱ ሌላው ያደርገዋል ብሎ ይተወዋል።

«ገባችሁ?» የሚለውን ተዪው፣ መልሱ ይታወቃል። ፓይለቶች ከበረራ መቆጣጠሪያው ማማ የተነገራቸውን ከፍታ መልሰው ይናገራሉ፣ የተሳሳተ ካለ እዚያው ይታረማል። አንቺም ማታ ከመለያየታችሁ በፊት አንዱን «እስኪ ነገ መጀመሪያ የምትጭኑት ምንድን ነው?» ብለሽ ጠይቂው። ፈተና እንዳይመስለው ግን በየቀኑ ሰውየውን ቀያይሪ። አፋን ኦሮሞ የሚቀለው ካለም በዚያው ይንገርሽ፣ አንቺ ካልሰማሽው ከመካከላቸው የሚያስረዳሽ አታጪም።

የድምፅ መልእክት ይሻላል ብለሽ እንዳታስቢ ደግሞ። መኪና እየጮኸ፣ ኬሻ እየተወረወረ ማን ይሰማዋል? ቁጥር ከሆነ ይጻፍ።