ሌሊት ለምን ይጨልማል? ለወጣቶች የተጻፈ ደብዳቤ

ውድ ልጆቼ፣

ሌሊት ለምን ይጨልማል ብላችሁ ሰው ብትጠይቁ፣ አብዛኛው «ፀሐይ ስለጠለቀች ነዋ!» ብሎ ይስቅባችኋል። ሳቁን ቻሉት። ፊዚክስ ሳስተምር በኖርኩበት ዘመን ተማሪ የምለየው በዚህ ጥያቄ ነበር። አንዱ መልሱን ሰምቶ ደብተሩን ይዘጋል፤ ሌላው «ቆይ፣ ከዋክብቱስ ፀሐይ አይደሉም እንዴ?» ይላል። ዛሬ የምጽፈው ለሁለተኛው ነው። የመጀመሪያው ወገን ብትሆኑም ወገን መቀየር አልተከለከለም።

አስቀድመን አንድ ነገር ከመንገዳችን እናንሳ። እ.ኤ.አ. በ1969 አፖሎ 11 ጨረቃ ላይ ሲያርፍ በተነሱት ፎቶዎች ኮከብ ስለማይታይ «ውሸት ናቸው» የሚል ክርክር በየጊዜው ይመላለሳል። ነገሩ የካሜራ ጉዳይ ነው። የጨረቃ አፈርና የጠፈርተኞቹ ነጭ ልብስ በፀሐይ ያንጸባርቃሉ፤ ካሜራው ለዚያ ብርሃን ተስተካክሎ ለቅጽበት ብቻ ስለሚከፈት የከዋክብቱን ደካማ ብርሃን አይዝም። ማታ መብራት ሥር የቆመ ጓደኛችሁን በስልክ አንሱና ከጀርባው ያለውን ሰማይ እዩ፣ ያው ነው። የእኛ ሰማይ ቀን ቀን የሚበራው ደግሞ አየሩ የፀሐይን ብርሃን፣ በተለይ ሰማያዊውን፣ በየአቅጣጫው ስለሚበትነው ነው። ጨረቃ ላይ አየር የለም፤ ስለዚህ ፀሐይ ወጥታም ሰማዩ ጥቁር ነው። ይህ ቀላሉ ነው፣ አለፍነው።

ከባዱ እነሆ። ጠፈር ወሰን የለውም፣ ከዋክብትም ከዘላለም ጀምሮ በዚያው ተበትነው ሲያበሩ ኖረዋል እንበል። እንጦጦ ላይ ባሕር ዛፍ መሃል የገባ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ደኑ ጥልቅ ከሆነ ወደየትም ቢዞር ዓይኑ መጨረሻ ላይ ግንድ ይመታል። ወሰን በሌለው ጠፈርም ወደየትም ብንመለከት እይታችን መጨረሻው ኮከብ መሆን አለበት። «የሩቁ ኮከብ እኮ ደካማ ነው» ትሉኝ ይሆናል። እስክሪብቶ አንሱ። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የአንዱ ኮከብ ብርሃን ወደ ሩብ ይወርዳል። ግን በዚያ ርቀት ዙሪያችንን የሚከበው የጠፈር ንብርብር አራት እጥፍ ይሰፋል፣ ከዋክብቱም አራት እጥፍ ይሆናሉ። ሩብ ሲባዛ በአራት፣ አንድ! የቅርቡ ንብርብር የሰጠንን ያህል ብርሃን የሩቁም ይሰጠናል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውም እንዲሁ። ይህ እየተደማመረ ሲሄድ፣ የቅርቦቹ የኋለኞቹን እስኪጋርዱ ድረስ፣ ሰማዩ አንድም ክፍተት ሳይቀረው እንደ ፀሐይ ገጽ መንደድ አለበት። ከአድማስ እስከ አድማስ ያለውን ጉልላት ለመሙላት 90,000 ያህል ፀሐይ ያስፈልጋል። የፀሐይ ገጽ 5,500 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው፤ በዚያ ሰማይ ሥር ሌሊት ቀርቶ ምድር ራሷ አትተርፍም።

ስሌቱን ጨርሳችሁ ቀና ስትሉ ግን ሰማዩ ጥቁር ነው። ስሌቱ ስህተት የለበትም። እንግዲያው ከመነሻ ግምቶቻችን አንዱ ወድቋል ማለት ነው።

የሥነ ፈለክ ሊቁ ዮሐንስ ኬፕለር በ1610 በዚህ ተከራክሯል፤ ጨለማውን ዓለም ወሰን ያላት ለመሆኗ ማስረጃ አደረገው። ጥያቄው የሚጠራው ግን በሃይንሪክ ኦልበርስ ስም ነው። ኦልበርስ ጀርመን ውስጥ የብሬመን ከተማ ሐኪም ነበር። ቀን በሽተኛ ሲያክም ይውልና ማታ የቤቱን ፎቅ የሰማይ መመልከቻ አድርጎ ያመሻል። ፓላስና ቬስታ የሚባሉትን አስትሮይዶች (ፀሐይን የሚዞሩ፣ ከፕላኔት የሚያንሱ አካላት) በ1802 እና በ1807 ያገኘ እሱ ነው። (ይህን የማነሳው «የተማርኩት ሌላ፣ የምወደው ሌላ» እያላችሁ ለምታማርሩኝ ነው።) ኦልበርስ በ1823 የሰጠው መልስ፣ በመካከል ያለ ስስ ነገር የሩቆቹን ከዋክብት ብርሃን ይውጠዋል የሚል ነበር። ከእሱ በፊት በ1744 ስዊዘርላንዳዊው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ዴ ሼዞም ወደዚያው አዘንብሏል።

መልሱ ያምራል፤ የጠፈር አቧራም በእርግጥ አለ። መብራት በሌለበት ገጠር ፍኖተ ሐሊብን፣ ያን ሰማዩን የሚያቋርጥ ነጣ ያለ የከዋክብት መቀነት፣ ያየ ሰው መሃሉ ላይ ያለውን ጥቁር ጥቁር ቦታ ያስታውሳል፤ እሱ አቧራ ነው። ሆኖም እንግሊዛዊው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ጆን ኸርሽል በ1848 ጉድለቱን አወጣው። ብርሃን የዋጠ ነገር ይሞቃል፣ የሞቀ ነገር ደግሞ መልሶ ያበራል። ዘላለም ካበራችሁበት መጋረጃው ራሱ እንደ ከዋክብቱ ይግላል፣ ሰማዩም ተመልሶ ይነዳል። የምመክራችሁ ይህን የኸርሽልን ልማድ ነው። ደህና የሚመስል መልስ ስታገኙ ወዲያው አታጨብጭቡለት፤ ተከተሉትና የት እንደሚያደርሳችሁ እዩ። የአቧራውን መልስ ዛሬም በሙሉ ልብ የሚናገር አዋቂ ሰው ታገኛላችሁ፤ እስከ መጨረሻው ስላልተከተለው ነው።

የወደቀው ግምት «ከዘላለም ጀምሮ» የሚለው ነበር። ወደ ትክክለኛው መልስ ቀድሞ የጠቆመው፣ እኔን እስከ ዛሬ የሚያስደስተኝ ነገር፣ የፊዚክስ ሰው አልነበረም፤ አሜሪካዊው ገጣሚ ኤድጋር አለን ፖ ነው፣ ያውም በዚያው በ1848። ከሩቆቹ ከዋክብት የተነሳው ብርሃን ገና አልደረሰንም አለ። የፊዚክስ ሊቁ ሎርድ ኬልቪን በ1901 ነገሩን በስሌት አስደገፈው። ብርሃን በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ከፀሐይ እኛ ዘንድ ለመድረስ እንኳ 8 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ይፈጅበታል። የዩኒቨርስ ዕድሜ 13.8 ቢሊዮን ዓመት ነው፤ ብርሃኑ ከዚህ የረዘመ ጉዞ የሚጠይቅ ኮከብ ለእኛ ገና የለም። እይታችን ሁሉ ኮከብ እንዲመታ ደግሞ ከዚህ ዕድሜ በትሪሊዮን ጊዜ የሚበልጥ ጉዞ ያስፈልግ ነበር። ከዋክብቱም ያን ያህል አይነዱም፤ የእኛ ፀሐይ ዕድሜዋ በጠቅላላ 10 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ነው። የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ኤድዋርድ ሃሪሰን ይህን ከጉልበት አንጻር አስልቶታል፤ በዩኒቨርስ ያለው ቁስ በሙሉ ወደ ብርሃን ቢለወጥ እንኳ ጠፈርን የሚያሞቀው እስከ -250 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። ነዳጁ ራሱ አይበቃም።

እዚህ ላይ ደብዳቤውን እንዳታጥፉት፣ የሚጣፍጠው ገና ነው። በ1964 አርኖ ፔንዚያስና ሮበርት ዊልሰን፣ ኒው ጀርሲ ሆልምዴል ባለው የቤል ላቦራቶሪዎች የሬዲዮ አንቴና ሲሠሩ የማይጠፋ የሬዲዮ ጫጫታ አስቸገራቸው። ቀንም ሌሊትም፣ ወደየትም ቢያዞሩት ያው ነው። አንቴናው ውስጥ ርግቦች ጎጆ ሠርተው ስለነበር ርግቦቹን አስወጡ፣ ኩሳቸውን ጠረጉ። ጫጫታው አሁንም አለ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «የመሣሪያ ችግር ነው» ብሎ ይተወው ነበር፤ እነሱ አልተዉትም፣ በ1978 ኖቤል ተሸለሙበት። የሰሙት፣ ዩኒቨርስ የ380,000 ዓመት ልጅ ሳለች የተለቀቀውን ብርሃን ነው። ድሮ ቴሌቪዥን ስርጭቱ ሲዘጋ ስክሪኑን ከሚሞላው «በረዶ» ውስጥ ጥቂቱ ከዚያ የመጣ ነበር፤ እናቶቻችሁን ጠይቁ፣ ያስታውሱታል።

ነገሩን አስቡት። ያ ብርሃን ሲነሳ ጠፈር በሙሉ ወደ 3,000 ዲግሪ የሚጠጋ እሳት ነበር። እይታችን መጨረሻው የሚያበራ ነገር ነው ያልነው ስለዚህ እውነት ሆኖ ተገኘ፤ ከከዋክብቱ ባሻገር ሰማዩ በየአቅጣጫው በዚያ እሳት ተሸፍኗል። የማናየው፣ ዩኒቨርስ እየሰፋች ስትሄድ ሞገዱ 1,100 እጥፍ ገደማ ስለተለጠጠ ነው። ዛሬ ማይክሮዌቭ፣ ማለትም ዓይን የማያየው አንቴና ግን የሚይዘው ሞገድ፣ ሆኗል፣ ሙቀቱም -270 ዲግሪ ነው። ዓይናችን የተሠራው ለሌላ ብርሃን ነው።

«ሰማዩ የሚጨልመው ዩኒቨርስ ስለምትሰፋ ነው» የሚል ካጋጠማችሁ እንግዲህ፣ ስለ የትኛው ብርሃን እያወራ እንደሆነ ጠይቁት። ስለዚያ ስለ ጥንቱ ከሆነ ልክ ብሏል። ስለ ከዋክብቱ ከሆነ ግን መስፋቱ ጥቂት ብቻ ይጨምራል፤ ባትሰፋም ኖሮ ሌሊቱ ይጨልም ነበር።

አክባሪያችሁ፣
ጡረተኛ የፊዚክስ መምህር