የወይራ እርፍ፣ የአስታ ሥር እና የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ እጀታ

ጀማ ወንዝ ወርደው አምባዛ የሚያጠምዱ አንባቢዎቼ በዚህ ሰሞን የላኩልኝ ጥያቄ ሁሉ በአንድ ነገር ዙሪያ ይሽከረከራል፤ የተገዛውን ዘንግ እጀታ አውልቆ ባልተለመደ የአገር እንጨት መተካት። ጥያቄዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ፤ መልሶቹን ግን እንደየክብደታቸው አስረዝሜአለሁ።

ከእነዋሪ፦ አባቴ ያረሱበት የወይራ እርፍ ተሰብሮ ጎተራ ሥር ወድቋል። እጀታ ይወጣዋል?

ይወጣዋል፤ በገንዘብም በቀላሉ የማይገኝ እንጨት ነው። ለዓመታት በጎተራ ሥር የቆየ እርፍ ጠማማነቱንም ስንጥቁንም አስቀድሞ ጨርሶታልና ከእንግዲህ ብዙም አያስቸግርዎትም። መዳፍ ሲይዘው የኖረው ጫፍ በላብና በዕድፍ ጠቁሮ እንደ ቀንድ ያብለጨልጫል፤ ይህን ቆዳ በብርጭቆ ወረቀት ፍቀው እንዳያጠፉት አደራ እላለሁ። ከመቁረጥዎ በፊት ግን ሚስማር እንዳለበት ይፈትሹ፤ አራሽ የላላ ነገር ሲያጋጥመው በያዘው ሚስማር ይመታዋልና። መጋዙ ሲገባ የወተት ዕቃ ሲታጠን የምናውቀው ሽታ ከወጣ እንጨቱ በእርግጥ ወይራ ነው።

ችግሩ ክብደቱ ነው። 25 ሳንቲ ሜትር ርዝመትና 2.6 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው፣ መሐሉ ለዘንጉ በ1 ሳንቲ ሜትር የተበሳ እጀታ ከቡሽ ቢሠራ ከ25 ግራም ብዙም አይበልጥም፤ ከጥድ ቢሠራ 60 ግራም ያህል ይሆናል፤ ከወይራ ቢሠራ ግን ከ100 ግራም ከፍ ይላል። ቀኑን ሙሉ ክር ሲወረውር ለሚውል ክንድ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ስለዚህ ሙሉውን ከወይራ አይሥሩት። ክር የሚጠቀለልበትን ሪል በቦታው አስረው፣ ዘንጉን ከሪሉ ጥቂት ቀደም ባለው ቦታ ላይ በአንድ ጣት ያመዛዝኑት። ጫፉ ወደ መሬት ከዘመመ ክብደቱ ከሪሉ በስተኋላ ይፈለጋል፤ ወይራውን እዚያ ያግቡት፤ ከፊት በኩል ያለውን መያዣ ጥድ ወይም ቡሽ ያድርጉት። ወይራን በሙሉ ከፊት የሚያደርግ ሰው ዱላ ሠርቷል እንጂ የዓሣ ዘንግ አልሠራም።

ከሸዋ ሮቢት፦ ነሐሴ ላይ ደብረ ብርሃን የሠራሁት እጀታ እዚህ በደረሰ በሳምንቱ ተሰነጠቀ። ምን አጠፋሁ?

ነሐሴን መምረጥዎ ነው ጥፋቱ። በክረምት የደጋ አየር እርጥበት ጠግቦ የነበረ እንጨት፣ ከ2,800 ሜትር ከፍታ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ወርዶ የቆላ ፀሐይ ሲያገኘው፣ ውጫዊው ክፍል ውስጡ ሳይደርቅ ይኮማተራል። እንጨት ደግሞ በዕድገት ቀለበቱ ዙሪያ የሚኮማተረው ከመሐል ወደ ልጥ ከሚኮማተረው እጥፍ ገደማ ስለሆነ፣ ያልተመጣጠነው ኃይል ከውጭ እስከ መሐሉ ይተረትረዋል። የግንዱ እምብርት ያለበት ክብ ቅርንጫፍ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል የሚሰነጠቀውም በዚህ ምክንያት ነው። እኔም በጀማሪነቴ ከእርጥብ ባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ የሠራሁት እጀታ ሌሊት «ጧ!» ብሎ ከእንቅልፌ ቀስቅሶኛል፤ ሌባ መስሎኝ ነበር።

እምብርቱን የማይጨምር ፍልጥ ይምረጡ፤ ሁለቱን ጫፎች በቀለጠ ሰም ይድፈኑ፤ ውሃ በብዛት የሚያመልጠው በጫፍ በኩል ነውና። ከዚያም ነፋስ ባለበት ጥላ ሥር ያስቀምጡት። ባለሙያዎች ለ2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ያህል ይቆጥራሉ። ከዚህ የበለጠ እርግጠኛ መሆን ከፈለጉ በሱቅ ሚዛን በየሁለት ሳምንቱ ይመዝኑት፤ ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ደርቋል ማለት ነው።

ከመሐል ሜዳ፦ የአስታ ሥር ላይ የሚያብጠው ጉቶ ውብ ሐረግ አለው ይባላል። ደረቅ የጅብራ ግንድስ?

ስለ አስታው የተባለው እውነት ነው። የአውሮፓ የትምባሆ ፒፓ ሠሪዎች ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምረው የሚፈልጉት ይህንኑ ክፍል ነው፤ ለረጅም ሰዓት ቀቅለው ወራትን በማድረቅ ያሳልፋሉ። ውስጡ ቀላ ያለ፣ እንደ ወፍ ዓይን በነጠብጣብ የተሞላ፣ ጠንካራና እሳትን የሚቋቋም እንጨት ነው። ነገር ግን ያ ጉቶ ለአስታው ሕይወቱ ነው፤ ሰደድ እሳት ቅርንጫፉን ሲያነደው መልሶ የሚያቆጠቁጠው ከዚያው ነው። ስለዚህ ጉቶውን መቆፈር ቅርንጫፍ እንደ መቁረጥ አይታይም፤ ተክሉን መግደል ነው። የጓሳ ማኅበረሰብ ሣሩንና ቁጥቋጦውን ቄሮ በሚባለው ባህላዊ የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ከጥንት ጀምሮ ሲጠብቅ የኖረውን ደጋ ለአንድ እጀታ ብሎ መቆፈር፣ ለመንዝ ሰው ማስረዳት አያሻኝም፣ ነውር ነው። ለእርሻ በተመነጠረ የራስዎ ማሳ ላይ ተነቅሎ የተገኘ ጉቶ ካለ ግን ከማገዶ ይታደጉት።

ጅብራው አንድ ጊዜ አብቦ ስለሚሞት ደረቅ ግንዱ በደጋው ላይ ይገኛል፤ ግን እጀታ ለመሆን እጅግ ለስላሳ ነው። በጓሳ የቆመውንም የወደቀውንም ይተዉት።

ከደብረ ብርሃን፦ ቶርኖ የለኝም። ረጅሙን ቀዳዳ እንዴት ላቅናው?

ረጅሙን ቀዳዳ ጭራሽ አይብሱ። የቡሽ እጀታ ፋብሪካ ውስጥም የሚሠራው ከትንንሽ ቀለበቶች ነው፤ እርስዎም እንጨቱን 3 ሳንቲ ሜትር ርዝመት እየሰጡ ይቁረጡ፤ እያንዳንዱን ለየብቻ በትራፓኖ ይብሱ። ቀጥሎ ሰም የተቀባ ቀጥ ያለ ብረት ላይ አሰልፈው ቀለበቶቹን እርስ በርስ በኢፖክሲ ያጣብቁ። ሰሙ ብረቱን ከኮላው ይጠብቀዋል፤ ሲደርቅ ብረቱን ስበው ያውጡ። ወይራና ጥድ ቅባት ስላላቸው ኮላ ከመቀባትዎ በፊት የሚገናኙትን ፊቶች በአልኮል ወይም በአሴቶን ይጥረጉ። ቅርጹን በሞረድ፣ ከዚያ ዱላ ጠራቢዎች እንደሚያደርጉት በተሰበረ ጠርሙስ ስባሪ፣ በመጨረሻ በብርጭቆ ወረቀት ያውጡ። ቀዳዳውን በጋለ ብረት የሚያቃጥል ዘዴም አለ፤ አልመክረውም፤ ከሰል በሆነ ግድግዳ ላይ ኮላ አይይዝም።

ከደብረ ሲና፦ ወፍ ዋሻ ውስጥ የወደቀ ጥድ ወይም ኮሶ ብወስድስ?

ጥበቃ ከሚደረግለት ደን ምንም አይውሰዱ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ኮሶን፣ ዋንዛን፣ ዝግባንና ጥድን በስም ጠርቶ ጠብቋቸው ነበር፤ አዋጁ በሌሎች ቢተካም ደኑን የመጠበቁ ጉዳይ አልተለወጠም። ከፈረሰ ቤት ወራጅ የተረፈ የጥድ ቁራጭ በተሻለ ሁኔታ ደርቋል፤ ጠይቀው ይውሰዱ።

ከአንኮበር፦ ቫርኒሽ ቀባሁት፤ ውሃ ሲነካው ከእጄ ያመልጣል።

ቫርኒሹን ይፋቁትና የተልባ ዘይት ይቀቡት። ስስ አድርገው፣ ሩብ ሰዓት ጠብቀው ትርፉን ጠርገው፣ በማግሥቱ ይድገሙ፤ በቤት የተጨመቀው ያልተቀቀለ ዘይት ለመድረቅ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል፤ ከቀለም ቤት የሚገዛው የተቀቀለው ይፈጥናል። የሚጠርጉበትን ጨርቅ ጠቅልለው በጥግ አይጣሉት፤ የተልባ ዘይት ሲደርቅ ይሞቃል፣ የተጠቀለለ ጨርቅም በራሱ ሊነድ ይችላል። ዘርግተው ውጭ ያስጡት ወይም ውሃ ውስጥ ይንከሩት።