ጎልፈኛዋ ሴሊን ቡቲዬ ሜጀር (ከትላልቆቹ የሴቶች ጎልፍ ውድድሮች አንዱን) የወሰደች የመጀመሪያዋ ፈረንሳዊት ናት ወይ ላልከው

አይደለችም፣ ሦስተኛዋ ናት። አንዱ ጋ "የመጀመሪያዋ" ሌላው ጋ "ሦስተኛዋ" የሚል አንብበህ የተምታታብህ፣ ሁለቱም ልክ ሆነው ስለተለያየ ነገር ስለሚያወሩ ነው። ቡቲዬ በ2023 ኤቪያን የሚባለውን ሜጀር በስድስት ምት ልዩነት ስትወስድ፣ እዛው አገሯ የሚደረገውን ውድድር ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ፈረንሳዊት ሆነች፣ ይሄ ነው "የመጀመሪያዋ" ያስባላት።

ሜጀር ከሆነ ጥያቄህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦

1. ካትሪን ላኮስት፣ 1967፣ የአሜሪካ ሴቶች ኦፕን። እሷ እንደውም አማተር (ለገንዘብ የማትጫወት) ነበረች (አዎ፣ አዞ ያለበትን የላኮስት ቲሸርት ያመጣው ሰውዬ ልጅ ናት)።
2. ፓትሪሺያ ሙኒዬ ለቡክ፣ 2003፣ ክራፍት ናቢስኮ።
3. ቡቲዬ።

በነገራችን ላይ ያ አመት ለቡቲዬ ጉድ ነው፣ ከኤቪያን በሳምንቱ የስኮትላንድ ኦፕንን ደገመች፣ ጥቅምት ላይ ደግሞ ማሌዥያ ውስጥ ከታይላንዷ አታያ ቲቲኩል ጋር እኩል ጨርሰው ዘጠኝ ሆል (ጉድጓድ) ፕሌይኦፍ (መለያ ጨዋታ) ተጫውተው ነው ያሸነፈችው፣ ዘጠኝ! የአንድ ቀን ጨዋታ ግማሽ በለው።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ፣ ኤቪያን ሜጀር የሆነው ከ2013 ጀምሮ ነው፣ ከዛ በፊት ኤቪያን ማስተርስ ነበር የሚባለው። እኔ አንዴ ሊስት ስሰራ የአሸናፊዎቹን ስም ከላይ እስከ ታች ገልብጬ ለጃፓናዊቷ አይ ሚያዛቶ የ2009ኙንና የ2011ዱን ሁለት ሜጀር ብዬ ጻፍኩላት፣ ሰው ሲስቅብኝ ነው የነቃሁት።