ማይግሬኑ ከለቀቀኝ በኋላም ለምን እዘነጋለሁ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የ33 ዓመት ሴት ነኝ፤ ኮምቦልቻ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ መደብር ገንዘብ ተቀባይ ሆኜ እሠራለሁ። ማይግሬን ካለብኝ ዓመታት አልፈዋል። አሁን ከሕመሙ ይልቅ ያስፈራኝ መዘንጋቴ ነው። ራሴን ባመመኝ ቀንም ሆነ በማግስቱ መልስ ስቆጥር ይምታታብኛል። ደሴ ታክሜ ቶፒራሜት ከጀመርኩ ወዲህ ደግሞ ደህና በዋልኩበት ቀን እንኳ «ሜትር አቀብይኝ» ለማለት ቃሉ ይጠፋኛል። እናቴ «ጭንቅላትሽን ጨረሰው» ትላለች። እውነት ነው?

መልስ፦ እናትዎን ያረጋጉልኝ። የማይግሬን ታማሚዎችን ለዓመታት የተከታተሉ ጥናቶች በአብዛኛው የማስታወስ ችሎታቸው ከሌላው ሰው ፈጥኖ ሲያሽቆለቁል አላገኙም።

የሕመሙ ቀንና የማግስቱ መዘንጋት የማይግሬኑ አካል ነው። ፍልጠቱ ከመምጣቱ ከሰዓታት በፊት ማዛጋት፣ የአንገት መገተርና ሐሳብ መሰብሰብ ማቃት ሊጀምር ይችላል። ሕመሙ ካልታከመ ከ4 እስከ 72 ሰዓት ይቆያል፤ ከለቀቀ በኋላም ድካሙና መፍዘዙ አንድ ሁለት ቀን ሊሰነብት ይችላል። በዚህ ጊዜ ትኩረት ስለሚሳሳ የሰሙት ወይም የቆጠሩት ነገር በቅጡ አይያዝም፤ ያልተያዘ ደግሞ አይታወስም። እንዲህ ባለው ቀን ሒሳቡን ባልደረባዎ ደግማ ብታይልዎ ነውር የለውም።

ደህና በዋሉበት ቀን ቃል መጥፋቱን ግን ከመድኃኒቱ ጋር አያይዘዋለሁ። ቶፒራሜት ማይግሬንን በመከላከል ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ቃል ማሳጣትና ማፍዘዝ የታወቀ የጎንዮሽ ጉዳቱ ነው፣ በተለይ መጠኑ ከፍ ሲል ወይም በፍጥነት ሲጨመር። መጠኑ ሲቀነስ ወይም መድኃኒቱ ሲቀየር አብዛኛውን ጊዜ ይስተካከላል። ለዚህ ሲባል እንደገና ደሴ መውጣቱ ቢያሰለችም በራስዎ አያቋርጡት፤ ያዘዘልዎን ሐኪም ያማክሩ። እንደ ፕሮፕራኖሎል ያሉ ሌሎች አማራጮች አሉ፤ አስም ካለብዎ ግን ይህኛው አይስማማዎትም። መውለድ የሚያስቡ ከሆነም ሳይውሉ ሳያድሩ ይንገሩት፣ ቶፒራሜት ጽንስን ሊጎዳ ይችላልና።

ስለ ማስታገሻ ምንም አልጻፉልኝም። ፓራሲታሞልን ወይም አይቡፕሮፌንን በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ የሚወስዱ ከሆነ ማስታገሻው ራሱ ራስ ምታቱን ሊያመላልሰው ስለሚችል፣ የወሰዱበትን ቀን ሁሉ መዝግበው ለሐኪሙ ያሳዩት። እንቅልፍዎንም አይርሱ፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ማይግሬን ባይኖርበትም ይዘነጋል።

ራስ ምታቱ እንደ መብረቅ በድንገት ከመጣ፣ ከትኩሳትና ከአንገት መገተር ጋር ከሆነ፣ ወይም አንድ ጎንዎ ከዛለና አንደበትዎ ከተያዘ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በአቅራቢያዎ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።