ጥያቄና መልስ፦ ክሩዝ ኮንትሮል በገዛ እጅ መግጠም

በዚህ ዙር የመረጥናቸው ጥያቄዎች ከፋብሪካ ያለ ክሩዝ ኮንትሮል (ነዳጅ ሳይረገጥ የመኪናውን ፍጥነት በራሱ የሚይዝ መሣሪያ) በወጣ መኪና ላይ ራስን ችሎ ስለመግጠም ናቸው። ጠያቂዎቻችን በአብዛኛው የሚጨነቁት «ፍጥነቱን ይይዝልኝ ይሆን?» ብለው ነው። እኛ ደግሞ በየመልሱ የምንመለስበት ጉዳይ ፍሬን ሲነካ ወዲያው መልቀቁ ነው። ፍጥነት የማይዝ ክሩዝ ያናድዳል፤ የማይለቅ ክሩዝ ግን ሰው ይገድላል።

ጥያቄ፦ መኪናዬ ክሩዝ መቀበሉን ዕቃ ከመግዛቴ በፊት በምን ልወቅ?

መልስ፦ ኮፈኑን ከፍተው ከአየር ማጣሪያው የሚመጣው ወፍራም ቱቦ ሞተሩ ጋ የሚያርፍበትን ትሮትል ቦዲ፣ ማለትም ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚቆጣጠረውን ክፍል ይመልከቱ። ከነዳጅ ፔዳሉ የመጣ ካቮ ከተያያዘበት፣ ያንን ትሮትል የሚስብ ሞተር ማለትም ሰርቮ ያለው ሙሉ ኪት ያስፈልግዎታል። ካቮ የሌለውና የኤሌክትሪክ ሶኬት ብቻ የተሰካበት ከሆነ ግን ትሮትሉን የሚያንቀሳቅሰው የሞተሩ ኮምፒውተር ነው፤ ሥራው በእጅጉ ይቀልልዎታል። ብዙ አምራቾች ክሩዝ ላለውም ለሌለውም ሞዴል አንድ ዓይነት ኮምፒውተር ስለሚጠቀሙ ፕሮግራሙ ውስጡ ተጭኖ ይገኛል፤ የቀረው ስዊቹና ሽቦው ነው።

«ብዙ» አልን እንጂ «ሁሉም» አላልንም። የመኪናው ስም መመሳሰሉ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። የምርት ዘመኑ፣ ሞተሩ፣ ካምቢዮውና የተሠራበት ገበያ አንድ ከሆነና የዚያው መኪና ከፍ ያለው ደረጃ ክሩዝ ካለው ተስፋ አለው። በመሪው የታችኛው ሽፋን ላይ በፕላስቲክ የተደፈነ የስዊች ቀዳዳ መኖሩም ጥሩ ምልክት ነው። አንዳንድ የአውሮፓ መኪኖች ላይ ሁሉም ነገር ተሟልቶ እንኳ በዲያግኖስቲክ መሣሪያ ኮድ ካልተከፈተላቸው አይሠሩም፤ ስለዚህ ኮዱን የሚከፍት ሰው ከዕቃው በፊት ይፈልጉ።

ጥያቄ፦ ኤሌክትሮኒክ ትሮትል ላለው ቶዮታ የክሩዝ ስዊች ገዝቻለሁ። ኤርባጉን መንካት ፈራሁ፤ ቅደም ተከተሉን ብትነግሩኝ?

መልስ፦ መፍራትዎ ተገቢ ነው፤ ፍርሃቱን ወደ ጥንቃቄ ይለውጡት። መጀመሪያ ግን ስዊቹን ገና በእጅዎ ሳለ በመልቲሜትር ይለኩት። በብዙ የቶዮታ ሞዴሎች ላይ አራቱም ትዕዛዞች የሚተላለፉት በአንድ ሽቦ ነው፤ ሌላው ሽቦ ኔጋቲቭ ነው። ኮምፒውተሩ የትኛው እንደተነካ የሚለየው በሬዚስታንሱ ነው። ዋናው ማብሪያ ሲጫን ወደ 0 ኦም፣ ወደ ላይ ሲገፋ 240 ገደማ፣ ወደ ታች ሲገፋ 630 ገደማ፣ ወደ ራስ ሲሳብ (ማቋረጫው) ደግሞ 1540 ገደማ ማንበብ አለበት። ሳይነካ ምንም መገናኘት የለበትም። ያገለገለ ስዊች ውስጡ ዝጎ 240 የነበረው 400 ቢያነብ ኮምፒውተሩ ትዕዛዙን በስህተት ይረዳዋል ወይም ጨርሶ አይቀበልም። በተቆራረጠና በናስትሮ ብቻ በተጠቀለለ ሽቦ ላይም የሚደርሰው ይኸው ስለሆነ መገናኛውን በሊድ በይደው በሙቀት በሚሸበሸብ ላስቲክ ይሸፍኑ።

አሁን ወደ መሪው። ጎማዎቹን ቀጥ አድርገው ያቁሙና ቁልፉን ያጥፉ፤ የባትሪውን ኔጋቲቭ ፈትተው ያርቁት። የቶዮታ መመሪያዎች ቢያንስ 90 ሰከንድ ይላሉ፤ ሌሎች አምራቾች ከዚያ የበለጠ ይጠይቃሉ። 10 ደቂቃ ቢጠብቁ የሚያጡት ነገር የለም። ይህ ጊዜ ኤርባጉን ለማፈንዳት የተጠራቀመው ኤሌክትሪክ እስኪያልቅ ነው። ከመሪው ግራና ቀኝ ያሉትን ትንንሽ ክዳኖች ሲያነሱ በብዙዎቹ ላይ ቁጥር ቲ30 ቶርክስ ብሎኖች ያገኛሉ። ብሎኖቹ ላልተው እዚያው ይቀራሉ፤ ተጎትተው አይወጡም። ኤርባጉን ወደ ራስዎ ሳብ አድርገው የቢጫውን ሶኬት መቆለፊያ በቀጭን ካቻቪቴ ያንሱና ይንቀሉት። ከዚያ የሽፋኑ ፊት ወደ ላይ ሆኖ ያስቀምጡት፤ ተገልብጦ የተቀመጠ ኤርባግ ቢፈነዳ ራሱ ይወነጨፋል። በኤርባጉ ሽቦ ላይ መልቲሜትር ፈጽሞ አይሰኩ፤ የመለኪያው ትንሽ ከረንት ሊያፈነዳው ይችላል።

ስዊቹ በሁለት ትንንሽ ብሎኖች ይታሰራል፤ ሶኬቱ ከመሪው ጀርባ ካለው ክሎክ ስፕሪንግ ጋር ይገናኛል። ይህ ጥቅልል ሪባን መሪው ሲዞር ኤሌክትሪኩ ሳይቋረጥ እንዲያልፍ የሚያደርግ ነው። የክሩዙ ቦታ በውስጡ ካለ መሪውን መንቀል አያስፈልግዎትም። ከሌለ ግን ክሎክ ስፕሪንጉ መለወጥ አለበት፤ ያኔ መሪውን ከመንቀልዎ በፊት መሪውና ዘንጉ የሚገናኙበት ላይ ምልክት ያድርጉ። አዲሱን ጥቅልል በቀስታ ወደ ግራ እስኪጠነክር አዙረው፣ ወደ ቀኝ ሁለት ተኩል ዙር ያህል መልሰው የመሃል ምልክቶቹን ያገጣጥሙ፤ የሞዴልዎ መመሪያ የተለየ ቁጥር ከሰጠ በእሱ ይሂዱ። መሃሉን ሳይጠብቁ ከገጠሙት በመጀመሪያው ሙሉ መታጠፍ ሪባኑ ይበጠሳል፤ ክላክሱም ክሩዙም ኤርባጉም አብረው ይጠፋሉ።

ባትሪው የሚመለሰው መጨረሻ ላይ ነው። ቁልፉን ሲከፍቱ የኤርባጉ መብራት በርቶ ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ መጥፋት አለበት፤ ካልጠፋ አይንዱ። ከዚያ ዋናውን ማብሪያ ሲጫኑ ዳሽቦርዱ ላይ የክሩዝ ምልክት ከበራ ኮምፒውተሩ ተቀብሎታል።

ጥያቄ፦ እኔም እንዲሁ ገጥሜ ምልክቱ ይበራል፤ ነገር ግን በ80 እየነዳሁ ብጫነው ፍጥነቱን አይዝም። ምን ጎደለ?

መልስ፦ በአብዛኛው የፍሬን ስዊች ነው። ክሩዝ ያለው መኪና የፍሬን ስዊቹ አራት እግር አለው፤ በውስጡ ሁለት መገናኛ አለ። አንደኛው ፍሬን ሲረገጥ ይዘጋና መብራቱን ያበራል፣ ሁለተኛው በተቃራኒው ፍሬን ሲረገጥ ይከፈታል። ኮምፒውተሩ ሁለቱን እያነጻጸረ ካልተስማሙለት ክሩዙን አይፈቅድም። የእርስዎ መኪና ባለ ሁለት እግር ስዊች ይዞ ከሆነ ባለ አራቱን ገዝተው የጎደሉትን ሽቦዎች መዘርጋት ይኖርብዎታል። የሌለውን ምልክት በጃምፐር (በማገናኛ ቁራጭ ሽቦ) ለማስመሰል እንዳይሞክሩ አደራ፤ መኪናውን ፍሬን ሲረገጥ እንዳያውቅ እያደረጉት ነው።

ስካነር ካለዎት ፒ0571 ወይም ፒ0504 የፍሬን ስዊቹን፣ ፒ0500 የፍጥነት ሴንሰሩን ያመለክታሉ። ከ40 ኪሎ ሜትር በሰዓት በታች ብዙዎቹ እንደማይይዙም ያስታውሱ።

ጥያቄ፦ ባለ ካቮ መኪና ላይ ሰርቮ ያለው ኪት ገጠምኩ። ይይዛል፣ ግን መኪናው እየፈጠነና እየቀዘቀዘ ይሄዳል።

መልስ፦ መጀመሪያ የሰርቮውን ካቮ ይፈትሹ። ሞተሩ ጠፍቶ ትሮትሉ ሙሉ በሙሉ ሲዘጋ ካቮው ጥቂት ሚሊ ሜትር ላላ ማለት አለበት። ከዚህ በላይ ከላላ ሰርቮው ባዶውን እየሳበ ፍጥነቱ ይወርድና በኋላ በአንድ ጊዜ ይስባል፤ እርስዎ የሚያዩት መወዛወዝ ይህ ነው። ጭራሽ ከተወጠረ ደግሞ ትሮትሉ ሙሉ አይዘጋም፣ ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) ከፍ ይላል። ካቮው በሰፊ ቅስት ይታጠፍ፤ ከጭስ ማውጫው ይራቅ።

ካቮው ደህና ከሆነ የኪቱን የሴንሲቲቪቲ ማስተካከያ (ለፍጥነት ለውጥ ምን ያህል ቶሎ ምላሽ እንደሚሰጥ የሚወስነውን) አንድ ደረጃ ዝቅ ያድርጉ። ቀጥሎ በኪሎ ሜትር ስንት የፍጥነት ምልክት እንደሚጠብቅ ይመልከቱ፤ በራሱ አንድ ዙር 4 ምልክት የሚሰጥ የጃፓን ሴንሰር በኪሎ ሜትር 2548 ያህል ይሰጣል። የፍጥነት ምልክቱን ለማግኘት ሰሚያስ (ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ) ላይ ማግኔት ካሠሩ፣ ማግኔቱ ከሴንሰሩ ጋር ያለው ርቀት ሰሚያሱ ሲዘል የሚለዋወጥ ከሆነ ምልክት ይዘላል፤ ስለዚህ ከካምቢዮው አጠገብ፣ እንቅስቃሴው አነስተኛ በሆነበት ቦታ ይሠሩት። በቫኪዩም (በሞተሩ አየር የመሳብ ኃይል) የሚሠራ ሰርቮ ከሆነና ዳገት ላይ ብቻ የሚደክም ከሆነ ትሮትሉ ሰፋ ሲል የማኒፎልዱ ቫኪዩም ስለሚወርድ ነው፤ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ ያለው ማጠራቀሚያ ይጨመርለት። ናፍጣ ሞተር ላይ ከማኒፎልዱ የሚወሰድ ቫኪዩም ስለሌለ የኤሌክትሪክ ሰርቮ ይምረጡ።

ጥያቄ፦ የፍሬን አምፖሎቹን በኤልኢዲ ከቀየርኩ ወዲህ ክሩዙ ሞተ። ግንኙነት አለው?

መልስ፦ አለው። ብዙ ኪቶች ፍሬን ያልተረገጠ መሆኑን የሚያውቁት በፍሬን መብራቱ ሽቦ በኩል፣ በአምፖሉ ክር አልፈው ኔጋቲቭ በማግኘት ነው። ክር ያለው 21 ዋት አምፖል ሲቀዘቅዝ ሬዚስታንሱ ከ1 ኦም በታች ስለሆነ ለኪቱ እንደ ኔጋቲቭ ይታየዋል። ኤልኢዲ ግን እንደዚያ አያሳልፍም፤ ኪቱ ሽቦው የተበጠሰ መስሎት አልሠራም ይላል። ትክክለኛ ጥንቃቄ ነው።

ብዙዎች ባለ አምስት እግር ሪሌይ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ስዊች) ያስገባሉ፤ በእግሮቹ ቁጥር 86 በፍሬን መብራቱ ሽቦ፣ 85 በኔጋቲቭ፣ 30 በኪቱ የፍሬን ሽቦ፣ 87ኤ በኔጋቲቭ፣ 87 በፍሬን መብራቱ ሽቦ። ይሠራል። እኛ ግን አንወደውም፤ የሪሌዩ ጥቅል ቢቃጠል ኪቱ ፍሬን ቢረገጥም ባይረገጥም ኔጋቲቭ ብቻ ያያል፣ መረገጡን በዚህ ሽቦ አያውቅም። ከኋላ ካሉት የፍሬን መብራቶች አንዱን ወደ ክር አምፖል ይመልሱት። ቀላል ነው፤ ሲበላሽም ክሩዙ ይቆማል እንጂ አይጣበቅም።

ጥያቄ፦ መኪናዬ በእጅ የሚቀየር ማርሽ ነው። የፍሪሲዮን ስዊች ግድ ነው?

መልስ፦ ግድ ነው። ክሩዙ እየያዘ ፍሪሲዮን ቢረግጡ ሞተሩ ከጭነት ተላቆ ይጮኻል። አንዳንድ ኪቶች የሞተሩን ዙር አይተው ሲዘል ይለቃሉ፤ ከስዊቹ ግን ይዘገያሉ።

ጥያቄ፦ ከፊት ያለውን መኪና እያየ ርቀት የሚጠብቀውንስ ክሩዝ መግጠም ይቻላል?

መልስ፦ በቤት ውስጥ አይሞከርም። ራዳሩ በልዩ መሣሪያ መስተካከል አለበት፤ የፍሬኑ ፓምፕም በራሱ ግፊት የሚፈጥር መሆን ይኖርበታል።

ጥያቄ፦ ገጥሜ ጨርሻለሁ። የመጀመሪያውን ሙከራ እንዴት ላድርግ?

መልስ፦ ከመንገድ በፊት ቆመው መሪውን እስከ ጥግ ወደ ሁለቱም ጎን ያዙሩ፤ ክላክሱና ፍሬቻው ይሥሩ፣ የሚጎተት ሽቦ አይኑር። ጎማ በክሪክ አንስተው ክሩዙን አይሞክሩ፤ ጭነት ስለሌለ ሞተሩ ያለልክ ይዞራል።

መንገዱ ደረቅ፣ ሜዳና ባዶ ይሁን። በ60 ይያዙት። ፍሬኑን መብራቱን ለማብራት ብቻ የሚበቃ ያህል በጣት ጫፍ እንደሚነኩት አድርገው ይንኩ፤ መኪናው መቀዝቀዝ ሳይጀምር ክሩዙ መልቀቅ አለበት። ጠንክረው ሲረግጡ ብቻ የሚለቅ ከሆነ ስዊቹ አቀማመጡ ትክክል አይደለም፤ ያስተካክሉት። ከዚያ በፍሪሲዮን፣ በማቋረጫው፣ በዋናው ማብሪያ እያንዳንዱን ለየብቻ ይሞክሩ። አንዱም መንገድ ባይለቅ ማርሹን ወደ ዜሮ ያውጡና ፍሬን ይያዙ፤ ሞተሩን የሚያጠፉት ከዚህ በኋላ ነው። ቁልፉን ግን መኪናው ሙሉ በሙሉ እስኪቆም አይንቀሉት፤ መሪው ይቆለፋል።