የአንባቢያን ጥያቄ፦ የአያቴን አነጋገር እንዴት ልሰብስብ?

ጥያቄ፦ የሥነ ልሳን ተማሪ ነኝ። ለጥናቴ መንዝ ውስጥ መሐል ሜዳ አካባቢ ያሉትን አያቴን መቶ ቃል ይዤ «ይሄን ምን ይሉታል?» እያልኩ ጠየቅኋቸው። የመለሱልኝ ሁሉ የመጽሐፍ አማርኛ ሆነብኝ። ምን አጠፋሁ? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ለተማሪ ልጃቸው እንደ ተማሪ መለሱልዎት። ቃል በቃል የሚጠየቅ ሰው አንደበቱን ያርማል፤ ሥራ ሲያስረዳ ግን ማረሙን ይረሳዋል። ዝርዝሩን ለመጨረሻ ያቆዩትና ገብሱ ከሙቀጫ እስከ ምጣድ ምን ምን እንደሚደረግ ያስነግሯቸው። ሰፌዱ እጃቸው ላይ ቢሆንማ እንዴት ጥሩ ነበር! ወደ ላይ እያነሱ ገለባውን ሲያስወጡ ማበጠር ነው፤ ሰፌዱን እያዞሩ ሲለዩ ማንገዋለል፤ በወንፊት ሲሆን መንፋት። በዝርዝር ቢጠይቁ ሦስቱም «ማጽዳት» ሆነው ይመጡልዎታል። እጃቸው የሚሠራውንም ከቃሉ ጎን ይጻፉ።

ፈቃዳቸውን አስቀድመው ይጠይቁ። የሚቀዱበትን ስልክ ከአፋቸው ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ፣ ትንሽ ወደ ጎን አድርገው፣ ቤት ውስጥ ያስቀምጡ፤ የመንዝ ነፋስ ደጅ ላይ የተቀዳውን ሁሉ ይበላል። ቅጂው በዋቭ (ድምፁን ሳያምቅ በሚያስቀምጥ የፋይል ዓይነት) ይሁን። በአንድ ቻናል፣ በ44.1 ኪሎኸርዝና በ16 ቢት ሲቀዳ ለደቂቃ 5 ሜጋባይት ያህል ይይዛል። በቴሌግራም የድምፅ መልእክት የተላከ ግን ስለሚታመቅ ሰ እና ጸ ሊምታቱብዎት ይችላሉ።

አብዛኛው ሰው የሚሰናከለው ሲጽፍ ነው። ፊደላችን ጥብቀትን፣ ማለትም ድምፅ ጠብቆ መነገሩን፣ አያሳይም። «ልጁ ይመታል» ብለው ቢጽፉ መቺው ይሁን ተመቺው አይታወቅም፤ መ እና ተ ሲላሉ መቺ ነው፣ ሲጠብቁ ተመቺ። ገና፣ ዋና፣ አለም እንዲሁ ናቸው። በሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ ነጥብ ያድርጉ፤ ከሳምንት በኋላ አስታውሰዋለሁ ማለት አይሠራም። ከዚያ ከሥሩ ቃሉን ትርጉም ባላቸው ክፍሎቹ ይቆራርጡት፦ አል-ሰማ-ሁ-ም። አል እና ም አንድ ላይ ሆነው ያፈርሳሉ (ድርጊቱ አልሆነም ያሰኛሉ)፣ ሁ «እኔ» ነው። አያትዎ «ሄድኩ» ይበሉ «ሄድሁ» የሰሙትን እንዳለ ይተዉት፤ ካረሙት የሰበሰቡት የራስዎን አማርኛ ነው። የአንድ ደቂቃ ንግግር እንዲህ ሲጻፍ ሰዓት ሊፈጅ ስለሚችል፣ ሁለት ሰዓት ከመቅዳት አሥር ደቂቃ ጨርሶ መጻፍ ይሻላል።

ጥያቄ፦ የተቀዳ ንግግር ስጽፍ ሀ፣ ሐ እና ኀን መለየት አለብኝ? (ከሸዋ ሮቢት)

መልስ፦ የለብዎትም። በግዕዝ ድምፃቸው የተለያየ ነበር፤ አማርኛ ግን አንድ አድርጓቸዋል፤ ሰ እና ሠም፣ አ እና ዐም እንዲሁ። አንዱን መርጠው እስከ መጨረሻው በእሱ ይጻፉ። ሳይመርጡ ከጀመሩ በኮምፒውተር አንድ ቃል ሲፈልጉ ግማሹ አይወጣልዎትም።